ካውያ እና የጣውላው ጣቢያ

ባቡሩ በሰፈራችን መሃል ያልፋል እንጂ አይቆምም ነበር። ሐዲዱ ሲዘረጋ እዚህ የነበረው አንድ የጡብ ፋብሪካና ብዙ ጭቃ ነው፤ ለጡብ ብሎ ባቡር የሚያቆም ማን አለ? በኋላ ፋብሪካው ተዘጋ፣ ጭቃው ቤት በቤት ሆነ፣ እኛ ተወለድን፣ አረጀን። ባቡሩ ግን ጡብ አድርጎ እንደቆጠረን ቀረ። ከላይ ያለው ጣቢያ ሩቅ ነው፣ ከታች ያለውም ሩቅ ነው። እኛ መሃል ላይ ተቀምጠን በመስኮት የሚያልፉትን ፊቶች እናይ ነበር።

እኔ ጸጉር አስተካካይ ነኝ። ሱቄ ከሐዲዱ አጥር ፊት ለፊት ስለሆነ ባቡር ባለፈ ቁጥር መስታወቴ ይንቀጠቀጣል፤ ምላጭ ይዤ ከሆነ ደንበኛዬም አብሮ ይንቀጠቀጣል። ከግድግዳዬ ወዲያ ያለው የካውያ ላውንደሪ ነው። ላወራ የተነሳሁትም ስለ እሷ ነው። ስለ እኔ የሚወራ ብዙ የለም፣ ያለውንም ደንበኞቼ አውርተው ጨርሰውታል።

ካውያ የተባለችው ልብስ ስለምትተኩስ ብቻ አይደለም። የተጨማደደ ነገር አይታ ማለፍ አትችልም። ኮሌታህ ከታጠፈ መንገድ ላይ አስቁማ ታቃናልሃለች። ባልና ሚስት ከተጣሉ መሃል ገብታ ታቃናቸዋለች። እጇ ትኩስ ነውና አንዳንዴ ታቃጥላለች፤ እኔም ስንት ጊዜ ተቃጥያለሁ። ግን ሰፈር ውስጥ የታመመ ሰው ሲኖር መጀመሪያ በር የሚያንኳኳው የእሷ እጅ ነው፣ ይሄን ደግሞ የሚክድ የለም።

ባሏን "ጋሽ ይደርሳል" እንለዋለን። የቤት ዕቃ ሠሪ ነበር። ወንበር ያዘዘ ሰው "ጋሼ፣ የእኔ ነገር እንዴት ሆነ?" ብሎ ሲጠይቀው መልሱ አንድ ነበር፤ "ይደርሳል።" ለሠርጓ አልጋ ያዘዘች ሴት አልጋው የደረሰላት የመጀመሪያ ልጇ ጥርስ ሲያበቅል ነው ይባላል። አልጋው ግን እስከ ዛሬ ሲጥ አይልም። ችኮላ የሚባል ነገር በተፈጥሮው የለም። "ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል" ሲሉት "ደግሞ እሱን ምን አስቸኮለው?" ይላል።

ኩላሊቱ ሲደክም ግን ነገሩ ሁሉ ተገለበጠ። በሳምንት ሦስት ቀን ሆስፒታል እየሄደ በማሽን ደሙን መታጠብ ነበረበት። "እኔ የሰው ልብስ አጥባለሁ፣ እሱን ደግሞ ደሙን ያጥቡታል፤ ቤታችን ውስጥ የማይታጠብ ነገር ጠፋ" ትላለች ካውያ። ብላ ትስቃለች። የምትስቀው ግን ጀርባዋን ሰጥታን፣ ፊቷን ወደ መተኮሻው ጠረጴዛ አዙራ ነው።

ሆስፒታሉ በዚሁ መስመር ላይ ካለ ሌላ ጣቢያ በር ላይ ነው። ችግሩ ከቤት እስከ ባቡሩ ያለው መንገድ ነበር። ላይኛው ጣቢያ ለመድረስ ዳገት አለ፣ ታችኛው ለመድረስ የመኪና መንገድ መሻገር አለ። ታክሲ ሲገኝ ይሄዳሉ፣ ሳይገኝ ካውያ ክንዱን ይዛ ግድግዳ ግድግዳውን ይዘው ያዘግማሉ። መሄዱስ ይሁን። መመለሱ ነው ያስቸገረው፤ ከማሽኑ ሲነሳ እግሩ ባዶ ከረጢት ነው። አንድ ከሰዓት በኋላ ዳገቱን ሲወርዱ መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጠና አልነሳም አለ። ጠርተውኝ ሮጬ ሄድኩ።

"ማሽኑ አይደለም ያሸነፈኝ" አለ፣ እንደ ልማዱ ሳይቸኩል። "መንገዱ ነው። ከእንግዲህ ቢቀርብኝስ?"

ቢቀር ምን እንደሚሆን ሦስታችንም እናውቃለን። ያንን እጥበት ያቋረጠ ሰው ሰንብቶ አያውቅም።  በአንድ ወገን ካውያ፣ በሌላው እኔ ደግፈን ወደ ቤት ወሰድነው። ማታ ካውያዋን ስትጥለው ከግድግዳው ወዲያ ሰማሁ፤ የምታስቀምጠው አልነበረም፣ የምትጥለው ነበር።

የባቡር መሥሪያ ቤቱ ስብሰባ የጠራን በዚያው ሰሞን ነው። በድሮው መስመር ላይ አዳዲስ ጣቢያዎች ሊጨመሩ ይችላሉ ወይ፣ ከተጨመሩስ የት ይሁን የሚል ነገር ነበር። አፍ ዳገት አይፈራም እንዲሉ፣ ሁሉም ጣቢያውን ከየበሩ ፊት ተከለው። የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት ከመድኃኒት ቤቱ ፊት አለ፣ ዳቦ ጋጋሪዋ ከዳቦ ቤቷ ፊት አለች። እኔም እውነቱን ለመናገር ከጸጉር ቤቴ ፊት ቢሆን አልጠላም ነበር። ከመስመሩ መጨረሻ የመጡ ሰዎች ደግሞ ፈጽሞ አይሆንም አሉ። "እናንተ ጋ በቆመ ቁጥር እኛ ቤታችን የምንገባው እየመሸ ነው" አሉ። ቆሽቴ አረረ እንጂ ነገራቸው ውሸት አልነበረም።

ከመሥሪያ ቤቱ ሰዎች መሃል ተነስታ የተናገረችው አንዲት ለጋ ኢንጂነር ነበረች። ባቡር በፈለጉት ቦታ እንደማይቆም አስረዳችን። መስመሩ በሚታጠፍበት ከሆነ በባቡሩና በመሳፈሪያው መሃል ክፍተት ይፈጠራል፣ ሰው ይገባበታል። ቁልቁለት ላይ ከሆነ ደግሞ ሲነሳ ይቸገራል። ቀጥ ያለና ደልዳላ ቦታ ያስፈልጋል፤ በእኛ ሰፈር ደግሞ እንዲህ ያለ ቦታ መኖሩን ትጠራጠራለች። ይሄን ስትል አዳራሹ ጉም ጉም አለ።

ካውያ ተነሳች። ንግግር ታደርጋለች ብዬ ፈራሁ፤ ስትናገር ሰው ይጋጋላል። "እኔ ስለ ጣቢያ የማውቀው ነገር የለም" አለች። "ባሌ ነገ ጠዋት ሆስፒታል ይሄዳል። ከእናንተ አንዳችሁ ከቤት እስከ ላይኛው ጣቢያ አብራችሁን ሂዱ። ሌላ የምጠይቀው የለኝም።"

መድረኩ ላይ የተቀመጡት ሰዎች ጫማቸውን ማየት ጀመሩ። ኢንጂነሯ ግን "እኔ እመጣለሁ" አለች።

መጣችም። ጋሽ ይደርሳል እንግዳ ስላገኘ ደስ ብሎት ከወትሮውም ቀስ አለ። ዕረፍት በወሰደ ቁጥር የቆመበትን ቤት በር እያሳየ "እዚህ ውስጥ የእኔ ቁም ሳጥን አለ"፣ "እዚህኛው ውስጥ ደግሞ ስድስት ወንበር" ይላታል። እሷም አልቸኮለችም። እሱ ግድግዳ ተደግፎ ሲተነፍስ እሷ ከአጥሩ በላይ እየተንጠራራች ሐዲዱን ታያለች። የድሮው ጡብ ፋብሪካ ጀርባ ሲደርሱ ቆመች።

"እዚህ ግንብ አልነበረም እንዴ? በካርታው ላይ ግንብ አለ" አለች።

"ፈርሶ ጡቡን ሰው ከወሰደው ቆየ" አለች ካውያ። "አሁን ልብስ የማሰጣበት ነው።"

ኢንጂነሯ በተሰጣው አንሶላ መሃል ገብታ ጠፋች። ስትመለስ ጉንጯ ላይ ውሃ ነክቷት እየሳቀች ነበር። ሐዲዱ በዚያ በኩል ቀጥ ያለና ደልዳላ ነው፤ ግንቡ ከሌለ መሳፈሪያ የሚሠራበት ቦታም አለ። ዳገቱ እግር ሲደርሱ ታክሲ ውስጥ አስገብታ ሸኘቻቸው፤ የቀረውን በእግሩ ሲወጣ ለማየት አንጀቷ አልቻለም መሰለኝ።

እንዲህ ሆኖ ጣቢያ ተሰጠን፤ ግን ለሙከራ ነው። በብረት ርብራብ ላይ ጣውላ ተነጠፈ፣ አረጋዊና ጋሪ የሚወጣበት ተዳፋት ተሠራለት፣ ከላይ ቆርቆሮ ተደረገበት። የካውያ ማስጫ ገመድ ወደ ጣሪያዋ ተዛወረ። ውሉ ቀላል ነበር፤ ባቡሩ እኛ ጋ ሲቆም በሩ ተከፍቶ እስኪዘጋ ከግማሽ ደቂቃ አይበልጥም። ይሄ ከተጠበቀ በሲሚንቶ ይሠራልናል፣ ካልተጠበቀ ጣውላው ይነሳል። ግማሽ ደቂቃ ስንባል ሳቅን። በር ለመግባት ምን ግማሽ ደቂቃ ያስፈልጋል አልን።

የመጀመሪያው ጠዋት የሰፈሩ ሰው ሁሉ የተተኮሰ ልብስ ለብሶ ወጣ። የሚሄደውም የማይሄደውም ጣውላው ላይ ተሰበሰበ። ስንት ዓመት እያለፈን የሄደው ባቡር ቀስ፣ ቀስ እያለ መጥቶ ፊታችን ላይ ቆመ። ጡብ ፋብሪካው ውስጥ ይሠሩ የነበሩ አንድ ሽማግሌ እንባቸውን ሲጠርጉ አየሁ። በሩ ተከፈተ። ጉዱ የፈላው ከዚህ በኋላ ነው።

እኛ ሰፈር ሰው ከሰው ቀድሞ በር አይገባም።

"ይግቡ እንጂ" ይላል አንዱ።

"ኧረ እርስዎ ይቅደሙ።"

"በሞቴ!"

"ኧረ ተው፣ ታላቄ አይደለህ እንዴ?"

ለቤት በር ይሄ የታወቀ ጨዋነት ነው። ለባቡር በር ግን መዓት ነው። ሁሉም እጁን ዘርግቶ ሌላውን እየጋበዘ ማንም ሳይገባ በሩ መጮህ ይጀምራል። ያን ጊዜ ሁሉም አንድ ላይ ይገባና ይጣበቃል። እሱ ሲያልቅ ደግሞ ከሩቅ የሚሮጥ ሰው ይታያል። እየሮጠ የሚመጣን ሰው ጥሎ መሄድ እኛ ዘንድ ነውር ነው። ስለዚህ አንዱ እግሩን በበሩ መሃል ይሰካና "ጠብቁት፣ የአናጢው ልጅ ነው" ይላል። የአናጢው ልጅ፣ የቤት ሠሪው እንጂ የጋሽ ይደርሳል አይደለም፣ እያለከለከ ይደርስና "እናቴ ከኋላ አለች" ይላል። ሊሸኙ የመጡት ደግሞ ውስጥ ድረስ ገብተው ሲሰነባበቱ በሩ ተዘግቶባቸው ሳያስቡት ይሄዳሉ።

ሹፌሩ በመጀመሪያው ሳምንት በድምፅ ማጉያው ይቆጣ ነበር። በሁለተኛው "እባካችሁ" ማለት ጀመረ። በሦስተኛው ማጉያውን ትቶ በጣቱ ወደ ሰዓቱ ያሳየን ጀመር።

ጋሽ ይደርሳል ግን በዚያ ሰሞን ሰው መሰለ። ከቤቱ እስከ ጣውላው አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚያርፈው። ሲመለስም ከባቡር ወርዶ ጥቂት ተራምዶ አልጋው ላይ ነው። "ቢቀርብኝስ" ያላትን ቃል ሁለተኛ አላነሳም። ካውያም ካውያዋን በወግ ማስቀመጥ ጀመረች።

አንድ ቀን ኢንጂነሯ ወደ ላውንደሪው መጣች። እኔ መቀስ ልዋስ ገብቼ ነበር። ጸጉር አስተካካይ መቀስ ይዋሳል ብሎ የሚያምን ካለ ይመን፤ ለወሬ ነው የገባሁት።

"እትዬ" አለች ኢንጂነሯ፣ "ሐዲዱ ደህና ነው፣ ጣውላውም ደህና ነው። የቸገረን በሩ ነው። ከታሰበው እጥፍ ነው የሚቆየው። ከእናንተ በኋላ ያሉት ሰዎች መጨረሻ ላይ አውቶቡሱ እያመለጣቸው ነው።"

"ሰዎቹ ክፉ ሆነው አይደለም እኮ ልጄ፣ ሰው ስለሚያከብሩ ነው" አለች ካውያ።

"አውቃለሁ። ግን ሰዓቱ ይሄን አያይም። ከወሩ መጨረሻ በፊት ለአንድ ሳምንት ሰዓት ይዘው የሚለኩ ሰዎች ይመጣሉ። አሁን ባለው ከቀጠለ ጣውላው ይነሳል። ቀድሜ ልንገርዎት ብዬ ነው የመጣሁት።"

ካውያ የያዘችውን ሸሚዝ ተኩሳ ጨረሰች። አጠፈችው። ከዚያ "ሲነሳ ባሌ በምን ይሄዳል?" አለች።  መልስ ፈልጋ የጠየቀች አይመስለኝም።

ከማግስቱ ጀምሮ ካውያ ጠዋት ጠዋት ጣውላው ላይ መቆም ጀመረች። "ይሉኝታችሁን ከታች ጥላችሁ ውጡ" ትላለች። "ማን እንደሚቀድም ባቡሩ ሳይመጣ እዚሁ ተጨቃጨቁና ጨርሱ።" አዛውንቶቹን ከፊት፣ ልጅ ያዘለችውን ቀጥሎ፣ ጎረምሳውን ከኋላ አድርጋ ታሰልፋለች። የሚወርዱትን አስቀድሙ፣ የሚሸኝ ሰው ከታች ይሰናበት። ከሁሉ በላይ ግን በር መያዝ የለም። "የሚሮጥ ሰው ከመጣ ይሩጥ፤ ከደረሰ ደረሰ፣ ካልደረሰ ቀጣዩን ይጠብቅ። ለማንም አይያዝም።"

"ለማንም?" አላት የአናጢው ልጅ።

"አባቴ ከመቃብር ተነስቶ ቢመጣም" አለች።

ሰው አጉረመረመ። ጭካኔ ነው ያላት አለ። "ባቡር አየችና ሰው ረሳች" ያለም አለ። እኔ ራሴ አንድ ጠዋት ጃንጥላዬን ረስቼ ተመልሼ ስመጣ በሩ አፍንጫዬ ላይ ተዘጋ። ውስጥ ያሉት ሁሉ ጎረቤቶቼ ናቸው፤ አንዳቸው እንኳ እጃቸውን አልዘረጉም፣ እያዘኑልኝ ሄዱ። ካውያ ከጎኔ ቆማ "ጎሽ" ትላቸዋለች። አኩርፌ ሳምንቱን ሙሉ ሸሚዜን ራሴ ተኮስኩ፣ አንዱንም አቃጠልኩ።

ነገር ግን በሩ በሰዓቱ መዘጋት ጀመረ። ሰው ሳይጨቃጨቅ ይወርዳል፣ ሳይጨቃጨቅ ይገባል። ሹፌሩ አንድ ቀን በመስኮቱ እጁን አወጣልን። የሚለኩት ሰዎች የመጡት ያኔ ነው፤ አንዱ ባቡሩ ውስጥ፣ አንዷ ጣውላው ጫፍ ላይ። የመጀመሪያዎቹ ቀናት በሰላም አለፉ።

ቀጥሎ የመጣው ቀን የጋሽ ይደርሳል ተራ ነበር። ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደውም፣ እግሩ አብጧል። ጫማው እምቢ አለው። ካውያ ክሩን ፈትታ፣ አስፍታ፣ እንደገና አሰረችለት። ከቤት እንደወጡ አንድ የድሮ ደንበኛ አገኘውና ስለ አንድ የተሰበረ የወንበር እግር ጠየቀው። ሌላ ሰው ቢሆን "ሰላም ነው" ብሎ ያልፋል። ጋሽ ይደርሳል ቆሞ፣ ሙጫው ምን ዓይነት መሆን እንዳለበት አስረዳው። እኔ ብርድ ልብሱን ይዤ ከኋላ ነበርኩ፤ ማሽኑ ላይ ሲተኛ ስለሚበርደው ሁልጊዜ ይዞ ይሄዳል። ካውያ ክንዱን እየጎተተች "በናትህ፣ በናትህ" ትላለች።

ተዳፋቱ እግር ስንደርስ ባቡሩ ገባ። ግማሽ ላይ ስንደርስ በሩ ተከፈተ። የተሰለፈው ሰው ባስተማረችው መሠረት ገባ። እኛ ላይ ስንወጣ ሁሉም ገብቶ አልቋል፤ በሩ ግን ገና ክፍት ነበር፣ ከእኛ እስከ በሩ ለእኔ ሁለት ዝላይ ነው፣ ለእሱ ግን ሩቅ መንገድ። በሩ ይጮህ ጀመር።

ውስጥ ያሉት ሁሉ አዩት። ዳቦ ጋጋሪዋ እጇን አፏ ላይ ጫነች። የአናጢው ልጅ ከበሩ አጠገብ ነበር፤ እግሩ ተነስቷል፣ ሊሰካ ነው። ጋሽ ይደርሳልን የማያውቅ ሰው በዚያ ባቡር ውስጥ አልነበረም። ግማሾቹ የሚያድሩት እሱ በሠራው አልጋ ላይ ነው። የአናጢው ልጅ ግን እግሩን እንዳነሳ ወደ ካውያ አየ። ሁሉም ወደ ካውያ አዩ። ዝም ብትል ይበቃ ነበር። ዝም ብትል በሩን ይይዙታል፣ የሚፈርድባትም የለም፤ ሰዓት የያዘችው ልጅ እንኳ ዓይኗን ወደ መሬት አድርጋ ነበር።

"እግርህን ሰብስብ" አለች ካውያ። "ተዉት ይሂድ።"

በሩ ተዘጋ። ባቡሩ ሄደ።

ጋሽ ይደርሳል "ለእኔ ብለሽ ያመጣሽውን ባቡር እኔው ላይ ዘጋሽው" አለ። ቁጣ አልነበረበትም፣ ድምፁ ውስጥ የነበረው መገረም ነው።  አግዳሚው ላይ አስቀምጣው ከፊቱ በርከክ አለችና ያልተፈታ የጫማ ክር ፈትታ እንደገና ታስር ጀመር። ክሩ ላይ እንባዋ ይንጠባጠብ ነበር።

ቀጣዩን ባቡር ይዘን ሄድን። ሆስፒታል ስንደርስ ማሽኑ ላይ ሌላ ሰው ተኝቷል። ጠብቆ ሲገባም የሱ ሰዓት ከኋላው ካለው በሽተኛ ጋር ስለተጋፋ አሳጥረው ለቀቁት። ሲመለስ ፊቱ እንዳበጠ ነበር፣ ለመተንፈስ ትራስ በትራስ ላይ ተደራርቦለት ተቀምጦ ነው ያደረ።

በማግስቱ ንዴቴን መዋጥ አቅቶኝ ላውንደሪው ገባሁ። "ባቡር ነው ባል የሚበልጥብሽ?" አልኳት። ከአፌ ሲወጣ ለራሴም ከበደኝ።

ካውያ ቀና ብላ አላየችኝም። "ትናንት ቢይዙለት ትናንት ይሄድ ነበር" አለች። "ከዚያ ወዲያስ? ያንን ዳገት አላየኸውም? ድንጋዩ ላይ ተቀምጦ ያለውን አልሰማህም?" ካውያውን አነሳችና እንደገና መለሰችው። "እኔ ደግሞ ዓይኑን ካየሁ እንደማልችል ስለማውቅ ጀርባዬን ሰጥቼው ነው የተናገርኩት። አሁን ሂድና ሥራህን ሥራ።"

ሄድኩ። የመጣልኝን ደንበኛ ጆሮ ቆረጥኩት፤ ትንሽ ነው፣ ግን ደማ።

የውሳኔውን ነገር እዚህ ላይ ልናገርና ልገላገል። ሰዎቹ ለክተው ጨረሱ፣ ሰዓቱም ልክ ሆኖ ተገኘ፤ ጣቢያው ዛሬም አለ፣ ጣውላው በሲሚንቶ ተተክቷል፣ የመስመሩ መጨረሻ ሰዎችም አውቶቡሳቸውን ያገኛሉ። ኢንጂነሯ መጥታ ስትነግረን ዳቦ ጋጋሪዋ ለሁሉም ዳቦ አደለች። ይሄ ሁሉ የሆነው ግን በኋላ ነው። እኔ ሳስታውሰው የምኖረው ከውሳኔው በፊት የነበረውን፣ ጋሽ ይደርሳል ተራው የደረሰበትን የሚቀጥለውን ጠዋት ነው።

ጎህ ሲቀድ በሬ በኃይል ተደበደበ። ካውያ ናት። የቤት ቀሚሷን እንደለበሰች፣ ጸጉሯ እንደተበተነ።

"የለም" አለችኝ። "አልጋው ባዶ ነው። ጫማውም የለም።"

ምን እንዳሰበች አውቃለሁ፤ እኔም ያሰብኩት ያንኑ "ቢቀርብኝስ" ያለውን ቃል ነው። ወደ ዳገቱ ልትሮጥ ስትል በጡብ ፋብሪካው በኩል እንሂድ አልኳት፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም።

ጣውላው ላይ ተቀምጦ አገኘነው። ማንም ገና አልወጣም። ኮቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ ብርድ ልብሱን አጥፎ ጭኑ ላይ አድርጎ፣ የሁለተኛው ፉርጎ በር ከሚከፈትበት ቦታ ፊት ለፊት የተገለበጠ ሳጥን ላይ ተቀምጧል። ጫማው ክሩ ሳይታሰር ነው። መቼ እንደተነሳ፣ ተዳፋቱን ብቻውን እንዴት እንደወጣው እግዜር ይወቅ።

ካውያ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ እስክትተነፍስ ጠበቀች። "አንተ ሰው፣ ምነው ሳትቀሰቅሰኝ?"

"ብቀሰቅስሽ ታጣድፊኛለሽ" አለ። "ስታጣድፊኝ ደግሞ እዘገያለሁ።"

"ብትወድቅስ? ማንም ሳያይህ?"

"አልወደቅሁም።" ብርድ ልብሱን በእጁ ዳሰሰ። "ያን ቀን ድምፅሽን ሰማሁት። 'ተዉት ይሂድ' ስትዪ። ሦስት ልጅ ስንቀብር እንኳ እንደዚያ ያለ ድምፅ ከአንቺ ሰምቼ አላውቅም። ሁለተኛ እንዳታወጪው ብዬ ነው።"

 ኮሌታውን አየሁት፤ ታጥፎ ነበር፣ ካውያ አላቃናችለትም።

ሰው መሰብሰብ ጀመረ፣ በየተራው ተሰለፈ። ማንም ምንም አልጠየቀም። ባቡሩ ሲመጣ ጋሽ ይደርሳል ከሁሉ ቀድሞ ተነሳ። በሩ ተከፈተ፤ የሚወርዱትን አሳለፈና ማንም ሳይነካው፣ ማንንም ሳይጋብዝ ገባ። እኔ ተከትዬው ገባሁ። ካውያ ግን በቤት ቀሚሷ እንደሆነች የታወሳት ያን ጊዜ መሰለኝ፤ አንድ እርምጃ ወደፊት አለች፣ ራሷን አየች፣ ቆመች። በሩ ጮኸ። የአናጢው ልጅ አጠገቤ ነበር፤ እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተ። በሩ በእሷና በእኛ መሃል ተዘጋ።

ጋሽ ይደርሳል ወንበር አግኝቶ ከተቀመጠ በኋላ ነው በመስኮት ያያት። እሷ በሁለት እጇ አፏን ይዛ ትስቅ ይሁን ታልቅስ አይለይም። እሱ ወደ እግሯ ነው ያየው።

"አየሃት?" አለኝ ክንዴን ጨብጦ። "በነጠላ ጫማ ነው የመጣችው። ብርድ ይመታታል። ቶሎ ቤት ግቢ በላት እንጂ።"

ብዬ ብጮህ አትሰማኝም፣ ባቡሩ ተነስቶ ነበር። እሱ ግን "በላት፣ በላት" እያለ አንገቱን አዙሮ፣ ጣውላው ከዓይናችን እስኪጠፋ ድረስ በመስኮቱ ያያት ነበር።